አራተኛው ፈተና

የእኛ ዕድሜ ሰው በሕይወቱ አራት ፈተና ይፈተናል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ፣ አሥረኛ ላይ ማትሪክ፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ ኢንትራንስ። አራተኛው መማሪያ መጽሐፍ የለውም፤ ወንበርም የለውም፤ ቆሞ ነው የሚፈተኑት። ከወፍራም መስታወት ጀርባ ያለ ሰው ሦስት አራት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሦስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ እዚያው ይነገራል። በፍጥነቱስ ይመስገን፤ ማትሪክ ክረምቱን ሙሉ ነበር የሚያስጠብቀን።

የተማሪ ቪዛ ነው የምናወራው።

«እኛ» ስንል ደግሞ አምስት ሰዎች ነን። ካምፓስ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተዋወቅን፤ ከተመረቅንም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ማኪያቶ ለሁለት እየተካፈልን ጓደኝነቱን አቆየነው። አንድ ሲቪል መሐንዲስ፣ አንዲት ነርስ፣ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ፣ አንድ የኮምፒውተር ሰው እና አንድ የቋንቋ ተማሪ። ስማችንን አንጽፍም፤ ሁለታችን ገና ቀጠሮ አለብንና። አምስታችንም በየተራችን፣ ወደተለያየ አገር፣ አራተኛውን ፈተና ተፈትነናል። ውጤታችን ይህን ይመስላል፦ ሁለት አለፉ፣ ሦስት ወደቁ። ከወደቁት ሁለቱ እንደገና ሊፈተኑ ተመዝግበዋል፤ አንዷ «በቃኝ» ብላለች። ስለ እሷ እንመጣበታለን።

አያታችን ዩኒቨርሲቲ ገቡ

ፈተናው መስኮቱ ጋ ከመደረሱ በፊት ፎርሙ ላይ ይጀምራል። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ ቤተሰብ አለን፤ የቤተሰብ ስም ግን የለንም። የራሳችን ስም አለ፣ የአባታችን አለ፣ የአያታችን አለ፤ ሦስቱም የሦስት ሰዎች ናቸው። ምን ይደረጋል፣ አያታችንን እንጽፋለን። ከዚያች ቀን ጀምሮ አያታችን አይተውት በማያውቁት ዩኒቨርሲቲ ይመዘገባሉ፤ ኢሜይል ይደርሳቸዋል፤ «ውድ ሚስተር» ይባላሉ። የኮምፒውተሩ ሰው አያት ገጠር ከብት ሲያረቡ ኖረው ያረፉ ሰው ነበሩ። ዛሬ በስማቸው ጀርመን አገር የቤተ መጻሕፍት ካርድ አለ።

ከስሙ ቀጥሎ ቀኑ ይመጣል። አሥራ ሦስት ወር አለን ብለን ለቱሪስት የምንኮራበት ነገር ፎርም ላይ ሲደርስ ዕዳ ነው። ነርሷ ጳጉሜ 3 ቀን 1989 ዓ.ም. ተወለደች፤ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1997 መሆኑ ነው። አንድ ሰነድ ላይ በትክክል ተገለበጠ። ሌላው ሰነድ ላይ ግን ጸሐፊው ሦስተኛ ቀን፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ 03/13 ጻፈላት። አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ ስለሚያስቀድሙ ይህን ያነበበ ሁሉ «ማርች 13» ይላል። አንዲት ልጅ ሁለት ጊዜ ተወለደች ማለት ነው፤ እናቷ ግን አንዴ ብቻ ነው ያማጧት።

ይህን ለማስተካከል ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ውልና ማስረጃ፣ ከዚያ ትርጉም ቤት፣ ከዚያ ማኅተም። የደረሰችበት መስኮት ሁሉ «ነገ ተመለሺ» አላት። ኤምባሲው መስኮት ስትደርስ ደግሞ የተጠየቀችው «ትመለሻለሽ ወይ?» ተብላ ነው። እኛ እኮ ያልተመለስንበት ቢሮ የለም! ስለ መመለስ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጻፍልን ብንል አገሩ ሙሉ ይመሰክርልን ነበር።

የእህት ደመወዝ

አሁን ወደ ገንዘቡ። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ፎርሙ አስለምዶናል።)

ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ተማሪ የቪዛ ማመልከቻው ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ 185 ዶላር ሆነ። ሴቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት ክፍያ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ 350 ዶላር። ድምር 535 ዶላር፣ ያውም ገና አውሮፕላን ሳናይ። ዶላሩ በባንክ 57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ ይህ ከ30 ሺህ ብር ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ጁላይ 29 ቀን 2024 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብርን ተሻገረ። ያው 535 ዶላር ከ53 ሺህ ብር በላይ ሆነ። የሒሳብ ባለሙያችን ይህን ሶፍት ላይ በእስክሪብቶ አሰላችና ሶፍቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለማንም ማሳየት አልፈለገችም።

ብሩ ቢገኝ ደግሞ መክፈያው የለም። የሴቪሱ ክፍያ ብዙ ጊዜ በውጭ ካርድ ነው፤ ካርዱ ያለው ዘመድ ጋ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ አንዲት አክስት አለችን፤ ከሌለችንም እንፈልጋታለን። አክስቴ በሌሊት ፈረቃ መኪና ማቆሚያ ትሠራለች፤ ጠዋት ወደ ሁለተኛው ሥራ ከመሄዷ በፊት በስልክ ካርድ ቁጥሯን ታነብልናለች። እኛ «አክስቴ እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። እሷም «ብቻ ይሳካልህ፣ እኔ ምን አደረግኩ» ትላለች። ምን እንዳደረገች ሶፍቷ ላይ ተጽፏል።

ጀርመን ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ የመኖሪያ ገንዘብ እንዳለህ ማሳያው ዋነኛ መንገድ የታገደ ሒሳብ ይባላል። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ቀድሞ ይገባል፤ ተማሪው አገሩ ከደረሰ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ብቻ ይለቀቅለታል። የራስህን ገንዘብ እንደ ልጅ የኪስ ገንዘብ እየቆነጠሩ ይሰጡሃል እንደማለት ነው። እንግሊዞች ደግሞ የተፈለገው ገንዘብ ባንክ ውስጥ 28 ተከታታይ ቀን ሳይነካ መቀመጡን ያያሉ። ይህ የ28 ቀን ነገር እኛ ሰፈር የታወቀውን፣ አንድ ብር ከዘመድ ዘመድ ሒሳብ እየዞረ ስምንት ሰው ሀብታም የሚያደርግበትን ጥበብ ለማክሸፍ የተፈጠረ ይመስላል። እኛ ከዚህ ጥበብ ንጹሐን ነን፤ ምክንያቱም ለማዞር የሚበቃ ብር ያለው ዘመድ አልነበረንም።

የኮምፒውተሩን ሰው ዩሮ የሞላችለት ታላቅ እህቱ ናት። ስድስት ዓመት በአንድ የአረብ አገር ሰው ቤት ሠርታለች። እሷ ስትሄድ ማንም መስኮት ላይ አቁሞ «ትመለሻለሽ ወይ?» አላላትም። ኮንትራት ነው የተሰጣት፤ እንደደረሰች ፓስፖርቷን አሠሪዋ ወሰደችው፤ አንድ ጊዜ «አገሬ ደርሼ ልምጣ» ብትል «ኮንትራትሽን ጨርሺ» ተባለች። እንግዲህ አስቡት፦ ወንድሟ እንደሚመለስ እንዲያስረዳ የተጠየቀበትን ወረቀት ገንዘብ የከፈለችው፣ መመለስ ተከልክላ የኖረች ሴት ናት። እናታቸው በየስግደቱ ዱዓ የሚያደርጉት ለማንኛቸው እንደሆነ ጠይቀናቸው ነበር። «ለሁለቱም አንድ ነው፤ አላህ በሰላም ይመልሳቸው» አሉ።

ካልተረጋገጠ ወንጀለኛ ነህ

አሁን ሕጉን እንይ። ብዙ ሰው የሚመስለው ቆንሲሉ በስሜቱ እየተነሣ «አዎ» ወይም «አይ» የሚል ነው። ሰማያዊ ሸሚዝ ልበስ፣ አትሳቅ፣ አትኮሳተር፣ ሁለተኛው መስኮት ጋ ያለው ደግ ነው የሚለው ምክር ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ነርሷ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላለች። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ መሄድ አለበት ተብሎ ሳይታጠብ ሄደ። (አልተሳካለትም። ቆንሲሉ አፍንጫ የለውም ያለው ማነው?)

ነገሩ ግን ከሸሚዝ በላይ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ በ1952 ወጣ። ክፍል 214፣ ንዑስ ክፍል «ለ» የምትባል አንቀጽ አለችው። በአጭሩ የምትለው ይህን ነው፦ ከጥቂት የቪዛ ዓይነቶች በቀር፣ ለጊዜው ልምጣ የሚል ማንኛውም አመልካች ሊቀር የመጣ ነው ተብሎ ይገመታል፤ እንዲህ አለመሆኑን ቆንሲሉን ማሳመን የአመልካቹ ፈንታ ነው። ወንጀል ችሎት ላይ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ነው ይባላል። መስኮቱ ላይ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ንጹሕ መሆንህ እስኪረጋገጥ ቀሪ ነህ። በዚህ አንቀጽ የተከለከለ ሰው ይግባኝ የለውም። እንደገና ከፍሎ እንደገና መሰለፍ ግን ይችላል።

ታዲያ እንዴት ነው የሚያሳምነው? «ትስስር» በሚባል ነገር። ቤት፣ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ ገንዘብ፤ ከአገርህ ጋር ያሠረህ ገመድ ምንድነው ነው ጥያቄው። ጥያቄው አግባብ ነው፤ ማንም አገር ደጁን ሲከፍት ማን እንደሚገባ ይጠይቃል፤ እኛም ቤት ስናከራይ «ቤተሰብ ነህ ወይስ ወንደላጤ?» እንላለን። የእኛ ችግር ገመዶቻችን ወረቀት ላይ የማይጻፉ መሆናቸው ነው።

የነርሷን እናት ውሰዱ። እኚህ እናት አራዳ ውስጥ በቀበሌ ቤት ይኖራሉ። ደርግ በ1975 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ የተወረሰ ቤት ነው፤ ልጃቸው የተወለደችው፣ ባለቤታቸው የተሸኙት ከዚያ ቤት ነው። ዕድራቸው እዚያ ነው፣ ማኅበራቸው እዚያ ነው። ካርታ ግን የላቸውም፤ የቀበሌ ቤት ካርታ የለውም። ቆንሲሉ «እናትሽ ንብረት አላቸው?» ሲላት «የላቸውም» አለች። እውነት ነው። አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ የለም።

የእኛ ዕድሜ ሰው ደግሞ ጭራሽ ምን ንብረት ይኖረዋል? መሬት በ1995ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ለኮንዶሚኒየም በ2013 ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ከአሥር ዓመት በላይ ዕጣ ጠብቀዋል፤ ያን ጊዜ እኛ ማትሪክ ገና አልተፈተንም ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶት በስሙ ቤት ያለው የአዲስ አበባ ልጅ ካለ ወይ አባቱን አመስግኖ ይኖራል፣ ወይ መማር አያስፈልገውም። ለመማር የሚሄደው ገና ምንም የሌለው ሰው ነው። ምንም የሌለው ሰው ደግሞ አይመለስም ተብሎ ይገመታል። ቋጠሮው ይኸው ነው።

የአፈር ጉዳይ

መሐንዲሳችን የሚያጠናው አፈር ነው። እንስቅበት ነበር፤ «አፈር ለመማር ውጭ አገር ይኬዳል እንዴ፣ እዚህ ሞልቶ?» እያልን። ጁላይ 2024 ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራ ተናደ። መጀመሪያ የተናደው ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ፤ ጎረቤት ሊያወጣቸው ዶማና እጁን ይዞ ወጣ፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ናዳ በአዳኞቹ ላይ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያች ሳምንት በኋላ በአፈሩ የሳቀበት የለም። እሱም ቀድሞ «መንገድ ሥራ» ይል የነበረው ሰው፣ የዳገት አፈር ውኃ ሲጠጣ መቼ እንደሚለቅ ማጥናት እፈልጋለሁ ብሎ ለሁለተኛ ዲግሪ አመለከተ። ተቀባይነት አገኘ። የትምህርት ክፍያውን ዩኒቨርሲቲው ሊሸፍንለት ተስማማ።

መስኮቱ ጋ ደረሰ። የየትኛው አገር መስኮት እንደሆነ አንጠራም፤ ሁሉም መስታወት ነው። «ስትጨርስ ምን ትሠራለህ?» ተባለ። «እመለሳለሁ፤ የማጠናው አፈር ያለው እዚህ ነው» አለ።

ቅዳሜ ይህን ሲነግረን ከዚህ የተሻለ መልስ ሊኖር አይችልም ብለን ነበር። ተከለከለ። ለምን እንደሆነ በትክክል አናውቅም፤ የተሰጠው ወረቀት ለሁሉም የሚሰጥ ነው። ግምታችንን ግን እንናገር። ከተማው ውስጥ «ለኢንተርቪው እናሠለጥናለን» የሚሉ ቤቶች አሉ። ሠልጣኙን ሁሉ የሚያስሸመድዱት ዓረፍተ ነገር አንድ ነው፦ «ትምህርቴን እንደጨረስኩ ተመልሼ አገሬን አገለግላለሁ።» ያ ዓረፍተ ነገር ከእጅ እጅ ሲዞር እንደ አሮጌ አሥር ብር ነትቧል፤ ቆንሲሉ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማው እግዜር ይወቅ። መሐንዲሱ እውነተኛውን ብር ይዞ ሄደ፤ ግን ከነተበው ጋር አንድ መሰለ። ከሐሰተኛው ሁሉ በላይ የሚያናድደን ይህ ነው፤ ውሸት እውነትን ዋጋ ማሳጣቱ።

ነርሷ ሁለት ጊዜ ነው የተከለከለችው። የተሰጣት ቦታ ለአንድ ዓመት ተራዘመላት፤ ሁለተኛውም አለፈ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቪዛ መከልከል ደግሞ እኛ ሰፈር የግል ጉዳይ አይደለም። ጎረቤት ሐዘን ሊደርስ እንደመጣ ሁሉ «ለበጎ ነው» እያለ ይገባል። ቡና ይፈላል። «የእገሌ ልጅ በአራተኛው ነው ያገኘችው» ይባላል። እናቷ እንግዳ እስኪወጣ ፈገግ ብለው ይቆያሉ። ልጅቱ ሁለት ወር ቅዳሜ ላይ አልመጣችም። ስትመጣ እኛ ሁላችን እንዳናነሣው ተነጋግረን ጠብቀናት ነበር፤ እሷ ግን ገና ሳትቀመጥ «በቃኝ፤ ሦስተኛ አልሞክርም» አለች። «ሁለት ጊዜ ሰው ፊት ቆሜ አገሬን እንደምወድ ማስረጃ አቅርቢ ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ስሄድ፣ በሽተኛው ሁሉ ማስረጃዬ እየመሰለኝ ተቸገርኩ።» ማኪያቶው እስኪቀርብ ማንም አልተናገረም።

አባቶቻችን በየትኛው መስኮት አለፉ?

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1920ዎቹ ከአገር ተልከው አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ መስኪንገም ኮሌጅ ከገቡት ወጣቶች አንዱ መላኩ በያን ነበር። ቆይቶ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠና፤ በ1935 ዶክተር ሆነ። በዚያው ዓመት ጣልያን ጦሩን ሲያከማች ወደ አገሩ ተመለሰ። አገሩ በ1936 ስትያዝ እንደገና አሜሪካ ሄዶ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ሲያስተባብር ኖረ፤ በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር በማቋቋም ዋና ሰው ነበር፤ በ1940 እዚያው አረፈ። እንግዲህ መላኩን የዛሬው መስኮት ላይ አቁሙት። «የሚመልስህ ምንድነው?» ቢባል «አገሬ ልትወረር ነው» ሊል ነው። ይህን ማንም ቆንሲል እንደ ጥሩ ትስስር አይቆጥረውም፤ እንዲያውም ላለመመለስ ምክንያት ነው። እሱ ግን ተመለሰ።

የደርግ ዘመን ወላጆቻችን ደግሞ የሚስቁብን በሌላ ነው። እነሱን ያስጨነቃቸው የሰው አገር አያስገባንም የሚለው አልነበረም፤ የራሳችን አገር አያስወጣንም የሚለው ነበር። የመውጫ ቪዛ የሚባል ነገር ነበር፤ ፓስፖርት ያለው ሰው ከገዛ አገሩ ለመውጣት ፈቃድ ይለምናል። «እናንተማ ታድላችሁ፤ በአንድ ወገን ብቻ ነው የምትከለከሉት» ይሉናል። አበሻ ሲያጽናና እንዲህ ነው።

የሚመለስ ይቀጣል

2025 ደግሞ ጉዳዩን አጠበቀው። ሜይ መጨረሻ ላይ አሜሪካ በዓለም ዙሪያ አዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ መያዝ አቆመች፤ ጁን 18 ስትከፍተው አመልካቾች ማኅበራዊ ገጾቻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ተጠየቁ። የቋንቋ ተማሪያችን በዚያ ሳምንት አልተኛም። የአምስት ዓመት ቀልዱን ወደኋላ እየቆጠረ ሲያነብ አደረ። ለካ አብዛኛው ቀልድ የሚያስቅ አይደለም፤ ይህንንም ያወቀው ያን ጊዜ ነው። (ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ቆንሲል ካለ፦ ጤና ይስጥልን። እኛ ደኅና ነን።)

ጁላይ 2025 ላይ ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለጥቂት የአፍሪካ አገሮች ዜጎች አብዛኛው የጊዜያዊ ቪዛ፣ የተማሪውም ጭምር፣ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ታወጀ። ቪዛ የበር ቁልፍ ነው፤ ገብቶ የሚቆዩበት ጊዜ በሌላ ሰነድ ነው የሚወሰነው። ስለዚህ የገባው ተማሪ ትምህርቱን ይቀጥላል። ግን እንዲህ ባለ ቪዛ የገባ ተማሪ እናቱ ታመው፣ እህቱ ልታገባ፣ ወይም ለገና ናፍቆት ወደ ቤቱ ብቅ ቢል፣ ተመልሶ ክፍሉ ለመግባት እንደገና ከፍሎ፣ እንደገና ተሰልፎ፣ እንደገና ይፈተናል።

ቀስ ብላችሁ አስቡት። መስኮቱ የሚጠይቀው «ትመለሳለህ ወይ?» ብሎ ነው። ልጁ «አዎ» ይላል፤ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ግን የመመለሻው መንገድ ሁሉ ወጥመድ ነው። አገሩን የሚናፍቀው ይቀጣል፤ ናፍቆቱን ዋጥ አድርጎ የሚቀመጠው ይድናል። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት ሳይመጣ የተቀመጠ ልጅ ገመዱ እየላላ ቢሄድ ማን ያላላው ይባላል? የሒሳብ ባለሙያችን ያለፈችው ከዚህ አዋጅ በፊት ነው፤ ቢሆንም የያዘችው ቪዛ ጊዜው ካበቃ ዕጣዋ ያው ነው። አባቷ ባለፈው ዓመት አረፉ። የመጣችው በስልክ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ስልኩን የያዝነው እኛ ነን፤ በተራ፣ እጃችን ሲዝል እየተቀባበልን። አልቃሽዋ ስሟን ጠርታ «ልጅሽ ባሕር ማዶ» ስትል፣ ከስልኩ ውስጥ የሰማነውን ድምፅ እዚህ አንጽፈውም።

አናውቅም

ታዲያ ትመለሳላችሁ ወይ? ከመስታወቱ ውጭ፣ በራሳችን ቋንቋ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ከተጠየቅን መልሳችን «አናውቅም» ነው። የኮምፒውተሩ ሰው ሥራ ካገኘ እህቱን ከሰው ቤት ማስወጣት ይፈልጋል፤ ያን የሚያደርገው ከየት ሆኖ እንደሚሻል ገና ያሰላል። የሒሳብ ባለሙያዋ አንድ ቀን «ነገ እመጣለሁ» ትላለች፣ በሌላው ቀን ዝም ትላለች። መሐንዲሱ ይመለሳል፤ አፈሩ እዚህ ነው። የቋንቋ ተማሪው ገና አልሄደም። ነርሷ ደግሞ ሳትሄድ የተመለሰች ብቸኛዋ ሰው ናት።

በሃያ ሰባት ዓመቱ የአርባ ዓመቱን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ካለ ወይ ይዋሻል ወይ አላሰበበትም። «አናውቅም» ማለት ግን «አንመለስም» ማለት አይደለም። ሕጉ እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚያነባቸው፤ ሕግ ነውና ይሁንለት። የሚያሳስበን እኛም ራሳችን ሁለቱን አንድ አድርገን ማንበብ መልመዳችን ነው። ዛሬ አንድ ልጅ «ውጭ ልማር ነው» ሲል ዘመድ ወዲያው እንደ ቀሪ ይሸኘዋል፤ አልጋው ይሸጣል፣ መጽሐፉ ይታደላል፣ «አደራህን እኛንም አስበን» ይባላል። ተምሮ የተመለሰውን ደግሞ «ምን ነካው? ተባሮ ነው?» እንላለን። ቆንሲሉ ሦስት ደቂቃ የሚጠረጥረንን እኛ እርስ በርሳችን ዕድሜ ልክ እንጠራጠራለን። የሚመለስ ሰው እንዲኖር ከፈለግን ተመላሹን እንደ ወዳቂ ማየታችንን መተው ያለብን እኛ ነን፤ ለዚህ ቪዛ አያስፈልገውም።

ነርሷ አሁን በምትሠራበት ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ ሆናለች። ባለፈው ወር አንዲት ጀማሪ ነርስ ለውጭ ትምህርት ልታመለክት እንደሆነ ነገረቻት። የድጋፍ ደብዳቤውን ማን ይጻፍልኝ ብላ ስትጨነቅ ይህችው የእኛዋ ተቀምጣ ጻፈችላት፤ ሁለት ገጽ፣ ሳትቆጥብ። «አልከፋሽም?» ስንላት «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ምን ላድርግ?» አለች።

ጀርመን ያለው ሰውዬ ደግሞ በየሳምንቱ እሑድ ይደውላል። ስለ ዲግሪው አያወራም፣ ስለ በረዶውም አያወራም። መጀመሪያ የሚጠይቀው የሽንኩርት ዋጋ ነው። እንነግረዋለን። «እንዴ! ባለፈው ሳምንት እኮ እንዲህ አልነበረም» ብሎ ይቆጣል፤ ከዚያም ስለ ታክሲው፣ ስለ መብራቱ፣ ሰፈራችን ስለፈረሰው ቤት እያንዳንዱን በተራ ይጠይቃል። በወር 992 ዩሮ የሚኖር ሰው የፒያሳ ሽንኩርት ምን ያገባዋል ብትሉ መልሱን እኛም አናውቀውም። ብቻ እሑድ ከሰዓት አሥር ሰዓት ሲሆን ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አስቀምጠን፣ ጠዋት ገበያ የወጣችዋ ሰው ዋጋውን ይዛ እስክትመጣ እንጠብቃለን።